የ11 ዓመት ኢሜይል በአንድ ፋይል ታጭቋል፣ አካውንቱ አርብ ይዘጋል። ምን ላድርግ?

መዝገብ ቤት (ደብረ ማርቆስ)

እንደምን ዋላችሁ። ጉዳዩ አስቸኳይ ስለሆነ ሰላምታውን ላሳጥረው።

የምሠራው ማርቆስ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ነው። የክፍላችን አንጋፋ ባለፈው ወር ጡረታ ወጡ። ጠረጴዛውን፣ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ሳይቀር አስረክበውኝ ሄዱ። ኮምፒውተሩንም። ስከፍተው ዲ ድራይቭ ላይ "የድሮ ደብዳቤ" የሚል ፎልደር አለ፤ ውስጡ አንድ ፒኤስቲ ፋይል ብቻ (አውትሉክ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ደብዳቤ የሚያከማችበት ነው)፣ 31 ጊጋባይት። ከ2006 ጀምሮ የተጻጻፉት ሁሉ እዚያ ነው ብለውኛል። ሌላ ቦታ ደግሞ ኦኤስቲ የሚባል 4 ጊጋ ገደማ ፋይል አገኘሁ። አካውንታቸው አርብ ይዘጋል። ኮምፒውተሩም ፎርማት ተደርጎ ለሌላ ሰው ይሰጣል ተባለ።

64 ጊጋ ፍላሽ ገዛሁ። ባዶ ነው፣ ግን ፒኤስቲውን ኮፒ ሳደርግ "ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው" ብሎ እምቢ አለኝ። 31 እንዴት 64 ውስጥ አይገባም? ከዚያ ፋይሉን በአውትሉክ ልክፈተው አልኩ። ስህተት አለበት፣ ጠግኚው አለኝ። ጥገናውን ልጀምር ስል መብራት ሄደ (የማርቆስ ሰው ያውቀዋል)፤ እንኳንም ሄደ፣ ምክንያቱም አሁን ሳስበው ምን እየነካሁ እንደነበር አላውቅም።

ኦዲተሮች ደግሞ ደብዳቤዎቹን በበጀት ዓመት ተለይተው ነው የሚፈልጉት። ብዙዎቹ አማርኛ ናቸው፣ የተወሰኑት ሲከፈቱ ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ብቻ ነው የሚታየው። ዛሬ ማክሰኞ ነው። የምታውቁ እባካችሁ።

ጠጋኙ (ፍኖተ ሰላም)

እህቴ አይዞሽ፣ ፍላሹ ጤነኛ ነው። ከሱቅ ሲወጣ ፋት32 በሚባለው አሠራር ተዘጋጅቶ ነው የመጣው፤ እሱ ደግሞ 4 ጊጋ የሚሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ 64 ይሁን 500 ለውጥ የለውም። አንድ ኩንታል ጤፍ በስኒ አፍ እንደማስገባት ነው። ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፎርማት፣ ከዚያ ኤንቲኤፍኤስ ምረጪ። ሰው ኤክስፋት ይልሻል። እሱም ትልቅ ፋይል ይይዛል፣ ማክ ላይም ይሠራል፣ ግን ኮፒ እያደረግሽ መብራት ቢጠፋ ኤንቲኤፍኤስ ይሻላል፤ የሚጽፈውን ነገር መዝግቦ ስለሚይዝ ከድንገተኛ መቋረጥ በኋላ ራሱን ያስተካክላል። እኛ አገር ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። ዋናውን ፋይል እንዳትጠግኚ! ሱቄ የሚመጣው ሰው ግማሹ በስካንፒኤስቲ ራሱ ያበላሸውን ፋይል ይዞ ነው። ስካንፒኤስቲ ከአውትሉክ ጋር አብሮ የሚጫን መጠገኛ ነው፣ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ግን አንብቦ ያልገባውን ነገር ቆርጦ ይጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ አውትሉክን ሙሉ በሙሉ ዝጊ፤ ከታች በሰዓቱ በኩል ያለችው ምልክትም መጥፋት አለባት። ከዚያ ፒኤስቲውን ኮፒ አድርጊ። ኮፒውን ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ላይ አሳርፊው። ጥገናው እዚያ ኮፒው ላይ ይሁን። ሲጀምር "ባክአፕ ልሥራ ወይ" ብሎ ይጠይቅሻል፣ እሺ በይው፣ ግን ባክአፑም ሌላ 31 ጊጋ ይበላልና ላፕቶፑ ቢያንስ 70 ጊጋ ባዶ ይኑረው። አንድ ጊዜ አይበቃም። ስህተት የለም እስኪልሽ ድረስ ደጋግመሽ አሂጂው፤ እኔ አንዱን ፋይል 5 ጊዜ አሂጄዋለሁ። በዚህ መጠን ሰዓታት ይፈጃል። ቡና አፍሊበት።

ሌላው ደግሞ ፋይሉን በኔትወርክ ሼር (ብዙ ኮምፒውተር በጋራ በሚጠቀመው ፎልደር) ላይ እያለ አትክፈቺው። ማይክሮሶፍት ራሱ አይደገፍም የሚለው ነገር ነው፤ ብዙ ፒኤስቲ የሚበላሸውም በዚያ ነው።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ጠጋኙ ያለው ልክ ነው፣ ግን ቅደም ተከተሉ ላይ አልስማማም። ፒኤስቲው ዲስክ ላይ ተቀምጧል፣ አርብ አይሞትም፤ ዲስኩን አውጥተሽም ቢሆን ታገኚዋለሽ። አርብ የሚሞተው ኦኤስቲው ነው።

ኦኤስቲ መዝገብ አይደለም፣ የሰርቨሩ ጥላ ነው። ሰርቨሩ ላይ ያለውን ከመስመር ውጭ ለማየት አውትሉክ የሚይዘው ኮፒ ነው። ከአካውንቱ ጋር የታሰረ ስለሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ወስደሽ ልክፈተው ብትዪ እንደ ፒኤስቲ አይከፈትም። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ አካውንቱ ሳይዘጋ፣ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒኤስቲ ማውጣት አለብሽ።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ። ኦኤስቲሽ 4 ጊጋ ብቻ መሆኑ ራሱ ጠርጥሪ ይላል። አካውንት ሴቲንግ ውስጥ ኢሜይሉን መርጠሽ "ቼንጅ" ስትዪ ስንት ወር ያለውን ኢሜይል ከመስመር ውጭ ልያዝ የሚል ተንሸራታች መስመር አለ። ብዙ ጊዜ 12 ወር ላይ ነው የሚቆመው። ያ ማለት የ13 ወሩ ደብዳቤ ኮምፒውተሩ ላይ የለም፣ ሰርቨሩ ላይ ብቻ ነው፣ ኤክስፖርት ስታደርጊም አይወጣም! ስህተት እንኳ አያሳይሽም፤ "ጨርሻለሁ" ብሎ ዝም ይላል። መስመሩን እስከ መጨረሻው ወደ "ኦል" ግፊው፣ አውትሉክን ዘግተሽ ክፈቺው፣ ሌሊቱን ይጎትት። ከታች "ኦል ፎልደርስ አር አፕ ቱ ዴት" እስኪል ድረስ ኤክስፖርት እንዳትጀምሪ።

ከዚያ ፋይል፣ ኦፕን ኤንድ ኤክስፖርት፣ ኢምፖርት ኤክስፖርት፣ ኤክስፖርት ቱ ኤ ፋይል፣ ፒኤስቲ። በክላሲኩ አውትሉክ ነው የምልሽ፤ ኮምፒውተሩ ወደ አዲሱ ከተቀየረ ከላይ በቀኝ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ መልሰሽ ወደ ድሮው ግቢ።

ኢንተርኔቱ ይጎትታል ወይ ካልሽ፣ ሌሊት ይሻላል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ የቆየበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። ያኔ የድሮ ደብዳቤውን ማየት የቻለው ዲስኩ ላይ ፒኤስቲ የነበረው ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ "ሰርቨር ላይ አለ" የሚል ሰው ስሰማ ሆዴን ይቆርጠኛል።

የአዊ ልጅ (እንጅባራ)

የኔን ልንገርሽ፣ እንዳይደርስብሽ።

ከ4 ዓመት በፊት ከምሠራበት ቦታ ስለቅ ኢሜይሌን ኤክስፖርት አደረግኩ። ኢንቦክስን መረጥኩ፣ ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ። ፋይሉ ወጣ። ደስ አለኝ። አካውንቱ ተዘጋ። ከ2 ወር በኋላ የአንድ ውል ደብዳቤ ፈልጌ ስከፍተው ኢንቦክሱ አለ፣ በሥሩ የነበሩት 20 ምናምን ፎልደሮች የሉም። ለካ "ኢንክሉድ ሰብፎልደርስ" የምትል ትንሽ ሳጥን ነበረች፣ ምልክት አላደረግኩባትም። እኔ ደግሞ ሥርዓት ወዳድ ነኝ ብዬ ሁሉንም ደብዳቤ በየፎልደሩ ለይቼ ነበር፤ ኢንቦክስ ውስጥ የቀረው የስብሰባ ጥሪና የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ነው። ዝርክርክ ብሆን ኖሮ እድን ነበር።

ስለዚህ ስታወጪ ከላይ ያለውን፣ የኢሜይል አድራሻው ስም ያለበትን ዋናውን ምረጪ እንጂ ኢንቦክስን አትምረጪ። ሳጥኗን ደግሞ ሁለቴ እዪያት። ካወጣሽ በኋላ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከፍተሽ "አለ" እንዳትዪ፣ ያኛውን አካውንት ነው የምታዪው ሊሆን ይችላል። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቺው። እያንዳንዱን ፎልደር ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ጠቅላላ ብዛት አሳይ የሚለውን አድርጊና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፊ። በሁለቱም በኩል። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ፔንግዊን በዳንግላ

ሰላም። እኔ የምለው ፒኤስቲን ለምን ትታቀፋላችሁ? ነገ አውትሉክ ፈቃዱ ሲያልቅ በምን ሊከፈት ነው? ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም) ላይ ሪድፒኤስቲ የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ፣ ፒኤስቲውን ፎልደር በፎልደር ወደ ኤምቦክስ ይቀይረዋል። ከፈለግሽም እያንዳንዱን ደብዳቤ ለብቻው ኢኤምኤል አድርጎ ያወጣል። ኤምቦክስ ማለት ደብዳቤዎቹ እንደ ጽሑፍ ተከታትለው የተጻፉበት ፋይል ነው፣ ተንደርበርድ የሚባለው ነፃ የኢሜይል ፕሮግራም ይከፍተዋል፣ ከ20 ዓመት በኋላም የሆነ ነገር ይከፍተዋል። ተንደርበርድ ላይ ኢምፖርትኤክስፖርትቱልስ ኤንጂ የምትባለውን ተጨማሪ ብትጭኚ ደግሞ የደብዳቤዎቹን ዝርዝር፣ ቀን፣ ላኪ፣ ርዕስ እያለ ለኤክሴል በሚሆን ሰንጠረዥ ታወጣልሻለች። ኦዲተር ያንን ሲያይ ይወድሻል።

የአማርኛው ዝብርቅርቅ ሁለት ዓይነት ነው፣ መጀመሪያ ለይው። ጽሑፉ ላይ ጭረት የተደረገባት የላቲን "ኤ" በየሁለት ሦስት ምልክቱ እየተመላለሰች ከሆነ ፊደሉ አልጠፋም፤ ዩኒኮድ (የሁሉም ቋንቋ ፊደል የጋራ ኮድ) ነው፣ ግን ፕሮግራሙ በሌላ ቋንቋ ነው ያነበበው። የኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፣ የመጀመሪያው ባይት ሁሌም አንድ ነው፣ ያቺ ኤ እሷ ናት። የጽሑፍ ኢንኮዲንግ የሚለውን ወደ ዩኒኮድ ስትቀይሪው ሰው ይሆናል። ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ኤም፣ ቅንፍ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ዶላር ምልክት እያለ ተራ የእንግሊዝኛ ኪቦርድ የተረገጠ የሚመስለው ነው። እሱ የድሮ ፎንት ነው፤ ፓወር ግዕዝ ወይ ቪዥዋል ግዕዝ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ መሥሪያ ቤቶች ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት በድሮዎቹ ነው የጻፉት። ፎንቱን ስትጭኚ ይነበባል። ግን ሰርች አይሠራበትም፣ ፎቶ ኮፒ እንደማየት ነው።

ሌላ ጉድ ልንገራችሁ። ኤምቦክስ ጽሑፍ ነው ስላልኩ በኖትፓድ ከፍቼ "ማዳበሪያ" ብዬ ልፈልግ አትበይ። እኔ አንድ ቀን ሙሉ ፈልጌ ዜሮ አገኘሁ፤ ደብዳቤው ደግሞ እንዳለ አውቃለሁ፣ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። የአማርኛ ኢሜይል ብዙ ጊዜ ቤዝ64 በሚባል ተጠቅልሎ ነው የሚሄደው። ፋይሉ ውስጥ "4" ቁጥርና "ዋይ" የምትባለዋ የላቲን ፊደል ጎን ለጎን በየቦታው እየተደጋገሙ ካየሽ እሱ አማርኛ ነው፤ እንዲያውም እኔ አሁን በዓይኔ እለየዋለሁ። ፍለጋውን በተንደርበርድ ውስጥ አድርጊው፣ እሱ ፈትቶ ነው የሚያነበው።

ጠጋኙ (ፍኖተ ሰላም)

ፔንግዊን ወንድሜ፣ ሴትየዋ እስከ አርብ 3 ቀን ነው ያላት፣ አንተ ሊኑክስ ጫኚ ትላታለህ 😀

ፔንግዊን በዳንግላ

በፍላሽ ይነሳል እኮ፣ መጫን አያስፈልግም። እሺ፣ ከአርብ በኋላ ይሁን። ግን ይሁን።

ጡረተኛ ሒሳብ ሹም (ብቸና)

ልጄ፣ ቴክኒኩን ልጆቹ ነገሩሽ። እኔ የኦዲተሩን ወገን ልንገርሽ፣ 30 ዓመት እነሱን ሻይ ሳጠጣ ኖሬያለሁ።

በበጀት ዓመት ክፈዪ ሲሉሽ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ጥር አንድ የሚሉትን የፈረንጅ ዓመት ነው። የኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ያ በፈረንጅ ሁልጊዜ ጁላይ 8 ነው። ስለዚህ ስትለዪ ከጁላይ 8 እስከ ቀጣዩ ዓመት ጁላይ 7 ብለሽ ቁረጪ። ከጁላይ 1 የቆረጠ ሰው አይቻለሁ። የሰኔ መጨረሻ ሳምንት ክፍያዎች ሁሉ ወደማይሆን ዓመት ገቡበት፤ የሰኔ መጨረሻ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ በጀት እንዳይመለስ ሁሉም ነገር የሚገዛበት ሳምንት ነው። እሱን ለማስረዳት ሁለት ወር ፈጀ።

አውቶአርካይቭ የሚባለውን በዓመት መለያ አድርገሽ አትመኚው። ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ብቻ አያይም፣ በኋላ የተነካበትንም ያያል። የ2008 ደብዳቤ ባለፈው ዓመት ከተነካ አዲስ ነው ብሎ ይተወዋል። ኤክስፖርት ስታደርጊ ግን ፊልተር የምትል ቁልፍ አለች፣ እዚያ ገብተሽ በደረሰበት ቀን ትወስኚያለሽ።

ፒዲኤፍ አድርጌ ልስጥ እንዳትዪ፣ ወይም ስጪ ግን ከዋናው ጋር። ፒዲኤፍ ፎቶ ነው፤ ደብዳቤው በየት በየት አልፎ እንደመጣ የሚያሳየው ራስጌው አብሮ አይሄድም። ክርክር ቢነሳ የሚጠቅምሽ እሱ ነው።

የይለፍ ቃልም ነገር አለ። ፒኤስቲ ላይ የሚደረገው ፓስዎርድ የጓሮ በር ማሰሪያ ገመድ ነው፣ የፈለገ ይፈታዋል። የሰው ደመወዝና የሕክምና ወረቀት ያለበት ነገር በአውቶቡስ ዓባይ በረሃን አቋርጦ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ 7ዚፕ በሚባለው ፋይል ማሸጊያ ፕሮግራም በጠንካራ ይለፍ ቃል ቆልፊው። ቃሉን በስልክ ንገሪያቸው። ፍላሹ ላይ በፕላስተር የለጠፈ ሰው ስለማውቅ ነው።

መዝገብ ቤት (ደብረ ማርቆስ)

ጋሼ ያሉኝን ሁሉ ጽፌ ያዝኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁም ተባረኩ። ጣና ዳር፣ ልክ ነበርክ! መስመሩ 12 ወር ላይ ነበር። "ኦል" አድርጌ የቢሮውን ቁልፍ ከጥበቃው ጋር ተደራድሬ አደርኩ ማለት ይቻላል። አሁን ኦኤስቲው 4 የነበረው 11 ጊጋ ሆኗል፣ ገና እየጎተተ ነው። ፒኤስቲው የእህቴ ላፕቶፕ ላይ ሁለተኛ ዙር ጥገና ላይ ነው። ፋይሎቹን ስሰይም ግን አንድ ችግር፦ አንዳንዱን ኢኤምኤል አድርጌ ሳወጣ "ስሙ ረጅም ነው" እያለ ይዘላል።

ፔንግዊን በዳንግላ

ርዕሱን የፋይል ስም ስለሚያደርገው ነው። "ጉዳዩ፦ የ2011 በጀት ዓመት የአራተኛ ሩብ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ስለመላክ" ብሎ የሚጽፍ አገር ነው ያለነው። ዊንዶውስ ከነፎልደሩ 260 ፊደል ገደማ ላይ ያቆማል። ስለዚህ የምታወጪበትን ፎልደር ዲ ድራይቭ ላይ ከላይ አድርጊው፣ ስሙም አንድ ሁለት ፊደል ይሁን። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ባሰ፤ ገደቡ 255 ባይት ነው፣ የኛ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ 85 ፊደል ላይ ያልቃል። የተንደርበርዷ ተጨማሪ ሴቲንግ ላይ ስሙን በቀንና በቁጥር አድርጊ፣ ርዕሱን አሳጥሪው።

የአዊ ልጅ (እንጅባራ)

ቆጠርሽ ወይ?

መዝገብ ቤት (ደብረ ማርቆስ)

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ አሁን ገና ተነፈስኩ።

ኦኤስቲው ሐሙስ ማታ አልቆ ወጣ። ሳጥኗን ሦስቴ ነው ያየኋት። ፒኤስቲው በ4ኛ ዙር ንጹሕ ሆነ። በዓመት ለየሁት፣ ከሐምሌ እስከ ሰኔ፣ 11 ፋይል። ከዚያ የአዊ ልጅ እንዳለችኝ ቆጠርኩ። የ11ዱ ድምር ከሙሉው በ13 ያንሳል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ 13 ደብዳቤ የት ገባ ብዬ ላብድ ነበር። ኋላ ሳየው ጥገናው "ሎስት ኤንድ ፋውንድ" የሚል ፎልደር ፈጥሯል፤ 13ቱ እዚያ ናቸው፣ የደረሱበት ቀን ቦታ ባዶ ነው። ቀን ስለሌላቸው በቀን ስለይ ከየትኛውም ዓመት ሳይገቡ ቀሩ። ለብቻቸው 12ኛ ፋይል አድርጌ አወጣኋቸው። ያልተከፈለውንም ሙሉውን ፋይል፣ ዋናውንም ያልተነካውን አስቀመጥኩ፣ አንዱ ቢሮ አንዱ ሌላ ሕንፃ።

ከ13ቱ አብዛኞቹ ተጀምረው ያልተላኩ ደብዳቤዎች ናቸው። አንዱ ጡረታ የወጡት ሰውዬ በ2009 ለጥምቀት ቤተሰብ ጋ ልሂድ ብለው የጻፉት የፈቃድ መጠየቂያ ነው፣ ሦስት መስመር፣ ሳይልኩት ቀርተዋል። ደውዬ ነገርኳቸው። ብዙ ሳቁና "በዚያን ዓመት ሄጃለሁ እኮ፣ ማን ፈቀደልኝ ታዲያ?" አሉኝ።